እስስት ቀለሟን የምትለውጠው ለማን ነው?

ለዓመታት በስልክ ሲዞር የኖረ አንድ ቪዲዮ አለ። እስስቷ በተደረደሩ ባለ ቀለም መነጽሮች ላይ ትራመዳለች፤ ቀዩን ስትረግጥ ቀይ፣ ቢጫውን ስትረግጥ ቢጫ፣ ሰማያዊውን ስትረግጥ ሰማያዊ ትሆናለች። ያየው ሁሉ ተደንቆ ለሌላው ይልካል። ቪዲዮው ግን ለማስታወቂያ በኮምፒዩተር የተቀናበረ ነው። የረገጠችውን ዕቃ ቀለም እንዲህ በቅጽበት የምትወርስ እስስት ማዳጋስካርም፣ ኬንያም፣ ባሌም የለችም።

ሰው ቪዲዮውን ሳይጠራጠር የተቀበለው ቀድሞ የሚያምነውን ስላሳየው ነው። ትናንት ከአንዱ ጎራ፣ ዛሬ ከሌላው የሚገኝ ፖለቲከኛ «እስስት» ተብሎ ይሰደባል። ስድቡ የቆመው እስስት የሄደችበትን ትመስላለች፣ የራሷ መልክ የላትም በሚል እምነት ላይ ነው። ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት የተሠሩ ጥናቶች የሚያሳዩት ግን ከሞላ ጎደል ተቃራኒውን ነው። እስስት ስትደበቅ በአብዛኛው ቀለሟን አትለውጥም፤ ቀለሟን አጥብቃ የምትለውጠው ልትታይ ስትፈልግ ነው። እዚህ ላይ ለመድረስ የተሄደበት መንገድ ረጅም ነው፤ ያልተቋጩ ጥያቄዎችም አሉበት። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የጥንቶቹን ያነበበ ሰው አንድ ነገር ይገርመዋል፤ ቀዳሚው ከተከታዩ ይሻል ነበር። አርስቶትል እስስትን በቅርብ ያየ ሰው አጻጻፍ አለው። ቀለሟ የሚለወጠው በአየር ስትነፋ መሆኑን፣ አንዳንዴ እንደ አዞ ጠቆር እንደምትል፣ አንዳንዴ ቢጫማ ሆና ጥቁር ነጠብጣብ እንደሚወጣባት፣ ስትሞትም መልኳ ወደ ቢጫ እንደሚያደላ ጽፏል። ስለቆመችበት ቅርንጫፍ ቀለም አንዳች አላለም። ከእሱ ወደ አራት መቶ ዓመት ገደማ ዘግይቶ የመጣው ሮማዊው ፕሊኒ ግን እስስት ከቀይና ከነጭ በስተቀር የተጠጋችውን ነገር ቀለም ሁሉ ትይዛለች፣ የምትኖረውም አየር እየበላች ነው አለ። የተናደደች ወይም የፈራች እስስት በእርግጥም በአየር ትነፋለች፤ ስለዚህ አርስቶትል ምክንያቱን ባያገኘውም ጊዜውን በትክክል አይቷል። ዓለም ግን የፕሊኒን መረጠ፤ ለመተረክ ይመቻላ።

ከቆዳው ሥር

ቆዳዋን በአጉሊ መነጽር መመርመር የተጀመረው በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ነው። በ1834 ፈረንሳዊው ሄንሪ ሚልን-ኤድዋርድስ በቆዳዋ ውስጥ አንዱ ከላይ፣ ሌላው ከታች የሆኑ ማቅለሚያዎች እንዳሉ ገለጸ፤ የታችኛው ወደ ላይ ሲወጣ መልኳ ይለወጣል አለ። በ1852 ደግሞ የቪየናው የሥነ ሕይወት ሊቅ ኤርንስት ብሩከ፣ በኋላ የዚግመንድ ፍሮይድ መምህር የሆነው፣ ጉዳዩን በሰፊው አጠናው። የእሱ ትልቁ ድርሻ አንዳንዶቹ ቀለማት ከማቅለሚያ ሳይሆን ከራሱ ከብርሃኑ ባሕርይ የሚመነጩ መሆናቸውን መጠቆሙ ነው። ይህን በመሣሪያ ለማረጋገጥ ከመቶ ስድሳ ዓመት በላይ ፈጀ።

ዛሬ የሚታወቀውን ከላይ ወደ ታች እንየው። የእስስት ቆዳ ውጫዊው ሽፋን ብርሃን የሚያሳልፍ ነው። ከእሱ ሥር ቢጫና ቀይ ማቅለሚያ የያዙ ህዋሳት አሉ። ከእነዚህ ሥር ምንም ማቅለሚያ የሌላቸው፣ በጥቃቅን ክሪስታሎች የተሞሉ ህዋሳት ይገኛሉ። ከሁሉም በታች ሜላኒን የያዙት ጥቁር ህዋሳት ናቸው፤ ይኸው የእኛን ቆዳና ፀጉር የሚያጠቁረው ሜላኒን ነው። እነዚህ ጥቁር ህዋሳት ወደ ላይ የሚዘልቁ ቅርንጫፎች አሏቸው። የሜላኒኑ ቅንጣቶች ወደ ቅርንጫፎቹ ሲሰራጩ የላይኛው ሁሉ ይሸፈንና እስስቷ ትጠቁራለች፤ ወደ ህዋሱ መሀል ሲሰበሰቡ ትፈካለች። ለረጅም ጊዜ በመማሪያ መጻሕፍት የሰፈረው ማብራሪያ ይኸው ነበር፤ ብቻውን ግን አልበቃም። መጨለምንና መንጣትን ያስረዳል፤ አረንጓዴው እንዴት ቢጫ እንደሚሆን፣ ቢጫው እንዴት ወደ ብርቱካናማ እንደሚያልፍ አያስረዳም።

ያንን የፈታው የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ነው። የሥነ ሕይወት ተመራማሪው ሚሼል ሚሊንኮቪችና ባልደረቦቹ፣ የፊዚክስ ሊቃውንትን ጨምረው፣ «ፓንተር» የምትባለውን የማዳጋስካር እስስት አጠኑ። ውጤታቸው በ2015 ኔቸር ኮሙኒኬሽንስ በተባለው መጽሔት ወጣ። ወንዱ ፓንተር ሲረጋጋ አብዛኛው ገላው አረንጓዴ ነው። በቆዳው ውስጥ ግን አረንጓዴ ማቅለሚያ የለም። ክሪስታሎቹ የሚመልሱት ሰማያዊ ብርሃን ነው፤ ያ ሰማያዊ ከላይ ባለው ቢጫ ሽፋን አልፎ ሲወጣ ዓይናችን አረንጓዴ ያየዋል። ክሪስታሎቹ የተሠሩት ከጓኒን ነው፤ ጓኒን በዘረመላችን ውስጥ ካሉት አራት ፊደላት አንዱ ነው። መጠናቸው የሚለካው በናኖሜትር ሲሆን በህዋሱ ውስጥ ሥርዓት ይዘው ተደርድረዋል። የሚመለሰውን ቀለም የሚወስነው በመካከላቸው ያለው ርቀት ነው። የሳሙና አረፋ ማቅለሚያ ሳይኖረው ኅብረ ቀለም የሚያሳየው በዚሁ የብርሃን ሕግ ነው። ክሪስታሎቹ ሲቀራረቡ አጫጭሮቹ የብርሃን ሞገዶች፣ ማለትም ሰማያዊው ወገን፣ ይመለሳሉ፤ ሲራራቁ ረጃጅሞቹ፣ ቢጫው፣ ብርቱካናማውና ቀዩ ተራ ይደርሳቸዋል። በተቆጣ ወንድ ቆዳ ውስጥ ያለው ርቀት ከተረጋጋው ወደ 30 በመቶ ገደማ ሰፍቶ ተገኘ።

ከጽሑፉ ሁሉ እኔን ይበልጥ ያሳመነኝ ቀላሉ ሙከራ ነው። ተመራማሪዎቹ ከቆዳው ቁራጭ ወስደው የጨው መጠኑ በሚለያይ ውኃ ውስጥ ነከሩት። ጨው ሲበዛ ውኃ ከህዋሱ ይወጣል፣ ህዋሱ ይኮማተራል፣ ክሪስታሎቹ ይቀራረባሉ፤ ቀለሙም ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ጨው ሲቀንስ ህዋሱ ያብጣል፣ ቀለሙ ወደ ቀይ ወገን ይጓዛል። ስሜት የለም፣ ተቀናቃኝ የለም፣ ሕይወት ያለው እንስሳ እንኳ የለም፤ ርቀቱ ብቻ ተለወጠ፣ ቀለሙም ተከተለ። በሕይወት ያለችው እስስት ይህን ርቀት በምን ዘዴ እንደምታሰፋውና እንደምታጠብበው ግን ሙሉ በሙሉ አልተቋጨም።

ያው ቡድን ከእነዚህ ክሪስታሎች ሥር ሁለተኛ ሽፋን አግኝቷል። የዚህኛው ክሪስታሎች ተለቅ ያሉና ሥርዓት የሌላቸው ናቸው፤ በዓይን የማይታየውን፣ ሙቀት ተሸካሚውን የኢንፍራሬድ ብርሃን አጥብቀው ይመልሳሉ። ተመራማሪዎቹ ከፀሐይ ግለት መከላከያ ነው ይላሉ። ይህ ክፍል ከመጀመሪያው ያነሰ ማስረጃ አለው፤ ግምቱ ግን ከእንስሳዋ አኗኗር ጋር ይስማማል።

ከ2015 ወዲህ አንዳንድ ጸሐፊዎች ወደ ሌላው ጽንፍ ሄደው የሜላኒኑን ነገር እንደተሻረ ሊቆጥሩት ይፈልጋሉ። ስህተት ነው። ክሪስታሉ የቀለሙን ዓይነት፣ ሜላኒኑ የቀለሙን ጥልቀት ይወስናሉ። ያላንዱ ሌላው ጎደሎ ነው። በፓንተር ራሱ የላይኛው የክሪስታል ሽፋን በደንብ የዳበረው በጎልማሳ ወንዶች ነው፤ ሴቶችና ግልገሎች ያላቸው ያነሰ ነው። በማዳጋስካር ጫካ ወለል ላይ በደረቅ ቅጠል መካከል የሚኖሩት ደቃቅ እስስቶችም ቡናማ ሆነው ይኖራሉ እንጂ እንደ ዘመዶቻቸው በቀለም አይደምቁም። በ2021 ለሳይንስ የተዋወቀችው ብሩኬዥያ ናና ከዚህ ወገን ናት፤ ወንዱ ከአፍንጫው እስከ ጭራው ጫፍ 22 ሚሊሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ «እስስት ቀለሟን ትለውጣለች» የሚለው አባባል ከሁለት መቶ በላይ ለሆኑት ዝርያዎች እኩል አይሠራም። እያንዳንዱ ዝርያም የራሱ የተወሰነ የቀለም ስብስብ አለው፤ ከዚያ አይወጣም።

ትእዛዙ ከየት ነው?

ትእዛዙን በአብዛኛው የሚያደርሰው ነርቭ ነው። በነርቭ ላይ የተሠሩት የቆዩ ሙከራዎች አንድ ዓይነት መልስ ሰጥተዋል፤ ነርቩ የተቆረጠ የቆዳ ክፍል ይጠቁራል፣ ነርቩ በኤሌክትሪክ ሲነቃቃ ይነጣል። በ1920ዎቹ መጨረሻ ኬፕ ታውን የነበረው እንግሊዛዊው ላንስሎት ሆግበን በዚህ ላይ ደክሟል። እግረ መንገዴን ላንሳው፤ ይኸው ሰው በእንስሳት የቀለም ለውጥ ላይ ያደረገው ምርምር በአፍሪካዊቷ እንቁራሪት ተጠቅሞ እርግዝናን ወደሚለይ ምርመራ አምርቷል፤ ምርመራውም በስሙ ይጠራል። እስስትን ማጥናት ምን ይጠቅማል ለሚል ይህ በቂ መልስ ነው።

ቆዳዋ ራሱም ብርሃን ያውቃል። ፀሐይ ላይ የቆየች እስስት ገላ ላይ ቅጠል ወይም ስንጥር ጥላ ቢጥል፣ ጥላው ያረፈበት ቦታ ከዙሪያው ነጣ ብሎ ቅርጹ ለጥቂት ጊዜ ታትሞ ይቀራል። ዓይኗ ያላየውን ቆዳዋ መልሶለታል ማለት ነው። የቅጠል ቅርጽ ወገቧ ላይ ያየ ሰው «ቅጠሉን መሰለች» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን የመሰለችው ቅጠሉን አይደለም፤ ብርሃን ያልደረሰው ቦታ ብቻ ነው የቀረው።

የለውጡን ፍጥነትም የሚያጋንኑ አሉ። ኦክቶፐስ የቀለም ከረጢቶቹን በቀጥታ በጡንቻ ስለሚስባቸው ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይለወጣል። የፓንተር ወንድ ግን ከአረንጓዴ ወደ ሙሉ የቁጣ ቀለሙ ለመድረስ ደቂቃዎች ያስፈልጉታል።

ለምን?

ሦስት መልሶች ይሰጣሉ፤ ለሙቀት፣ ለመደበቅና ለመነጋገር። ሦስቱም እውነት አላቸው፤ ክብደታቸው ግን እኩል አይደለም።

የሙቀቱ ጉዳይ አጭር ነው። እስስት የራሷን ሙቀት አታመነጭም። ጥቁር ብርሃንን ያምቃል፣ ነጭ ይመልሳል። በናሚብ በረሃ የምትኖረው የናማኳ እስስት በቀዝቃዛው ማለዳ ጠቁራ ፀሐይ ትሞቃለች፤ ቀትር ላይ አሸዋው ሲግል ወደ ነጣ ያለ ግራጫ ትለወጣለች። አንዳንዴ ፀሐይ በዞረበት ጎኗ ጥቁር፣ በሌላው ጎኗ ነጣ ያለች ሆና ትገኛለች። በረሃ ላይ፣ ዛፍ በሌለበት፣ ይህ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው።

መደበቅን በተመለከተ መለየት ያለበት ነገር አለ። እስስት ጥሩ ተደባቂ ናት፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ከጎን ጠፍጣፋ ገላዋ፣ ወደ ፊት ወደ ኋላ እያለች በነፋስ እንደሚወዛወዝ ቅጠል የምትራመደው እርምጃ፣ ከሁሉም በላይ አረንጓዴ ወይም ቡናማ መደበኛ ቀለሟ ይሰውሯታል። ይሁንና ይህ ሁሉ ሳትለወጥ ያላት መልክ ነው። የምትለወጥበት ጊዜ ሌላ ነው።

ለመደበቅ ተብሎ የሚደረግ ለውጥ የለም ማለቴ አይደለም። ተመራማሪዋ ዴቪ ስቱዋርት-ፎክስና ባልደረቦቿ በ2008 ያሳተሙት አንድ ሙከራ አለ። የደቡብ አፍሪካዋን ድንክ የስሚዝ እስስት ቅርንጫፍ ላይ አስቀምጠው አንዴ የአዳኝ ወፍ፣ አንዴ የዛፍ እባብ አምሳያ አሳዩዋት። ወፉን ስታይ ከዙሪያዋ ጋር ይበልጥ ተመሳሰለች፤ እባቡን ስታይ ያን ያህል አልተጨነቀችም። የወፍ የቀለም እይታ ከእባብ እጅግ የላቀ ነው። ተመራማሪዎቹ ቀለሞቹን በእባቡ ዓይን አስልተው ሲመለከቷቸው ለእሱ ያ ትንሽ ጥረት በቂ ሆኖ ተገኘ። ይህ ጥናት የጠቅላላ ጉዳዩን ቁልፍ ይዟል ብዬ አምናለሁ። የእስስት ቀለም ከበስተጀርባዋ ባለው ነገር ብቻ አይወሰንም፤ ከፊት ለፊቷ ቆሞ በሚያያት ዓይንም ይወሰናል።

በዚያው ዓመት ስቱዋርት-ፎክስና አድናን ሙሳሊ ትልቁን ጥያቄ በቀጥታ ጠየቁ። የቀለም ለውጥ ችሎታ የዳበረው ለመደበቅ ከሆነ፣ ቅጠሉ፣ ሣሩና ቅርንጫፉ ቀለሙ በሚበዛበት ቦታ የሚኖሩት ዝርያዎች ከሁሉ ይበልጥ ተለዋዋጭ መሆን አለባቸው። ለመነጋገር ከሆነ ደግሞ በቀለማቸው ጎልተው የሚታዩት ዝርያዎች ይሆናሉ። በደቡባዊ አፍሪካ የሚኖሩ 21 የድንክ እስስት ዘሮችን ወስደው፣ ወንዶቹን ከወንድ ጋር አፋጥጠው፣ ቀለማቸውን በመሣሪያ ለኩ፤ ልኬቱን በእስስት ዓይንና በወፍ ዓይን አሰሉት። የመኖሪያቸውንም የቀለም ስፋት ለኩ። መልሱ ግልጽ ሆነ። ይበልጥ የሚለወጡት ይበልጥ የሚታዩት ናቸው። የመኖሪያው ቀለም መብዛት ከለውጡ ስፋት ጋር አልገጠመም። እኔ እስካነበብኩት ድረስ የፕሊኒን ታሪክ የሰበረ ጥናት ይህ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ቢያደክሙት ነው።

እስቲ አንድ ፍልሚያ በቅርብ እንየው። በየመንና በሳዑዲ ዓረቢያ የሚኖረው፣ ራሱ ላይ ከፍ ያለ ቆብ ያለው ወንድ እስስት ሌላ ወንድ ሲያይ ጎኑን ያዞርለታል። ገላውን ከጎን ያጠብበዋል፣ ከላይ ወደ ታች ይዘረጋዋል፣ ጭራውን ይጠቀልላል ይፈታል። ቀለሙ መድመቅ ይጀምራል፤ አረንጓዴው ይነቃል፣ ቢጫ ቋሚ መስመሮቹ ይበራሉ፣ የራሱ ቆብ ይፈካል። ሌላውም እንዲሁ። ረስል ሊገንና ኬቨን መግሮ በ2013 እነዚህን ፍጥጫዎች ፎቶ እያነሱ ከ28 የሰውነት ነጥቦች ላይ የቀለሙን ለውጥ ተከታተሉ። የጎኑ መስመሮች ይበልጥ የደመቁለት ወንድ ወደ ተቀናቃኙ የመጠጋት ዕድሉ ከፍተኛ ነበር። ራሱ ይበልጥ የፈካውና ቶሎ የፈካው ደግሞ የማሸነፍ ዕድሉ ከፍ አለ። ጎኑ «እመጣለሁ» ይላል፣ ራሱ «እችልሃለሁ» ይላል። ብዙ ፍጥጫዎች ንክሻ ላይ ሳይደርሱ ያበቃሉ። በማግሥቱ ዓመት ሊገን የተሸናፊውን ነገር ጨመረበት፤ የተሸነፈው ይጠቁራል፣ መጥቆሩም አሸናፊው ማጥቃቱን እንዲተው ያደርገዋል። ሽማግሌ የለም፣ ሸሽቶ ለማምለጥም እስስት ዝግተኛ ናት። ስለዚህ «በቃኝ» የምትልበት ቀለም ያስፈልጋታል።

ሴቷም የራሷ ቃል አላት። የዚሁ የየመን ዝርያ ሴት ስታረግዝ ገላዋ ይጠቁርና ሰማያዊና ቢጫ ነጠብጣብ ይወጣባታል። ወንድ ቢጠጋት አፏን ከፍታ ታስፈራራዋለች፣ ትወዛወዝበታለች። ወንዶቹም ቀለሙን ያነብባሉ፤ ፈቃደኛ ያልሆነችውን ማሽኮርመም ይቀንሳሉ። ተነጥሎ ያደገ ግልገል ደግሞ ሌላ ነው። በ2014 በታተመ ጥናት ብቻቸውን ያደጉ የዚህ ዝርያ ግልገሎች ከሌሎች ጋር ካደጉት ይልቅ ደብዘዝ ያሉና ፈሪ ሆነው ተገኝተዋል። ቀለም በከፊል ከሌሎች ጋር በመኖር የሚዳብር ነገር ነው ማለት ነው።

ከቅርብ ዓመታት ሥራዎች ለእኔ የሚበልጠው ማንም ያላቀደው ሙከራ ነው። በ1972 ሦስት ቀንድ ያላቸው ጥቂት ደርዘን የጃክሰን እስስቶች ለቤት እንስሳት ንግድ ከኬንያ ወደ ሃዋይ ተላኩ። ጉዞው ጎድቷቸው ደረሱ፤ እንዲያገግሙ ጓሮ ውስጥ ተለቀቁ፤ ከዚያም ወጥተው ደሴቶቹ ላይ ተባዙ። በኬንያ የሚበሏቸው ወፎችና እባቦች ሃዋይ ላይ የሉም ለማለት ይቀላል። ከሃምሳ ዓመት በኋላ፣ በ2022፣ ማርቲን ዋይቲንግ፣ ስቱዋርት-ፎክስና ሌሎች የሃዋዮቹን ከኬንያ ዘመዶቻቸው ጋር አወዳድረው ውጤቱን ሳይንስ አድቫንስስ ላይ አወጡ። የሃዋይ ወንዶች ለተቀናቃኝም ለሴትም ሲታዩ ከኬንያዎቹ ይበልጥ ይደምቃሉ፤ የአዳኝ አምሳያ ሲቀርብላቸውም እንደ ኬንያዎቹ አይደበዝዙም። አዳኙ ሲጠፋ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። በኬንያ የሚታየው ልከኛ ድምቀት፣ እንግዲህ፣ ሊታዩ በሚፈልጉበትና መታየት በሚያስገድልበት መካከል የተደረሰ ዋጋ ነው።

የማይዋጥልኝ ነገር

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ የዘርፉን ደካማ ጎኖች ማንሳት ተገቢ ነው። ብዙዎቹ ታላላቅ ሙከራዎች የተሠሩት ለንግድ በስፋት በሚረቡ ሁለት ዝርያዎች፣ በፓንተርና በየመኑ፣ ላይ ነው። ከእነዚህ ተነስቶ ስለ ቀሪዎቹ ሁለት መቶ መናገር ድፍረት ይጠይቃል። ፓንተር ራሱ አንድ ዝርያ መሆኑ አጠራጣሪ ሆኗል፤ በ2015 የወጣ ሌላ የሚሊንኮቪች ቡድን ጥናት ከ324 እስስቶች የወሰደውን ዘረመል መርምሮ በየአካባቢው የሚኖሩት ባለ ልዩ ቀለም ፓንተሮች እስከ አሥራ አንድ ዝርያ ሊሆኑ እንደሚችሉ አመልክቷል።

ሁለተኛው ደካማ ጎን ዓይናችን ነው። እስስት እኛ የማናየውን አልትራቫዮሌት ታያለች። በ2018 ጀርመናውያን ተመራማሪዎች በማዳጋስካር ብዙ እስስቶች ራስ ላይ አጥንቱ በስሱ ቆዳ አልፎ በአልትራቫዮሌት ሥር ሰማያዊ እንደሚያበራ አሳይተዋል። ያ ብርሃን እርስ በርስ ለመተዋወቅ ይጠቅማል የሚለው ገና መላምት ነው፤ ነገር ግን እኛ «ቡናማ ናት» ብለን የምናልፋት እስስት ለባልንጀራዋ ቡናማ ብቻ ላትሆን ትችላለች።

ሦስተኛው፣ እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ፣ የፎቶው ነገር ነው። በመጻሕፍትና በኢንተርኔት ከምናያቸው የእስስት ፎቶዎች ብዙዎቹ የተነሱት እንስሳዋ ተይዛ፣ ከእጅ ወርዳ ቅርንጫፍ ላይ ከተቀመጠች በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት የምናየው ቀለም የዝርያው መልክ አይደለም፤ የፈራች እስስት መልክ ነው። በሙዚየም አልኮል ውስጥ የተቀመጠች ናሙና ደግሞ በሕይወት ሳለች የነበራትን ቀለም ታጣለች። እውነተኛው የዕረፍት ቀለም የሚገኘው ማታ ነው። እስስት ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ተኝታ ትነጣለች፤ የባትሪ ብርሃን ሲያርፍባት ከጨለማው ቅጠል ተለይታ ትታያለች። ቀን ሙሉ ፈልገው ያጧትን ተመራማሪዎች በባትሪ የሚያገኟት በዚህ ምክንያት ነው። ትልቋ ተደባቂ በእንቅልፏ ሰዓት በቀላሉ ትገኛለች።

የእስስት ነገር የእኛንም አገር ይመለከታል። በስምጥ ሸለቆው ግራና ቀኝ ባለው ደጋ፣ አዲስ አበባን ጨምሮ፣ በአትክልት ሥፍራ ጭምር የሚገኘው የኢትዮጵያ ደጋ እስስት ከአገሪቱ ውጭ አይገኝም። ከባሌ ተራሮች በስተደቡብ ካለው ከሐረና ጫካ ሁለት ዝርያዎች በ1990ዎቹ ተለይተው ተሰይመዋል፤ አንዷ ስሟን ከጫካው፣ ሌላዋ ከባሌና ከሁለት ቀንዷ ወሰደች። በ2021 ደግሞ ከተራሮቹ በስተሰሜን ካለው ተዳፋት ሌላ ዝርያ ተጨመረና በጀርመናዊው የተሳቢ እንስሳት ሊቅ በቮልፍጋንግ በመ ስም ተጠራ። ማለዳው ብርድ፣ ቀትሩ ብርቱ ፀሐይ በሆነበት በዚያ ከፍታ፣ ሙቀት፣ መደበቅና መነጋገር በአንድ ቆዳ ላይ እንዴት እንደሚስማሙ ለማየት ከባሌ የተሻለ ቦታ ማግኘት ይከብዳል።

ስለዚህ ጓሮዎ ውስጥ ወይም በመንገድዎ ላይ እስስት ካገኙ አይያዟት፤ ቀይ ጨርቅ ላይ አስቀምጠውም አይፈትኗት። ባሉበት ቆመው ፎቶ ያንሱ፤ ከፎቶው ጋር ሰዓቱን፣ ፀሐይ ወይም ጥላ መሆኑን፣ ብርድ ወይም ሙቀት መሆኑን፣ በአቅራቢያዋ ሌላ እስስት፣ ወፍ ወይም ድመት መኖሩን ይጻፉ። እርስዎም መቆምዎን አይርሱ፤ በዚያች ሰዓት ከሚያዩዋት ዓይኖች አንዱ የእርስዎ ነው።